ከአጥራችን ውጭ ያለው የእግረኛ መንገድ የማን ነው? ደሴ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰፈራችን የኮብልስቶን ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ካገለገልኩ ወዲህ ሰው ባገኘኝ ቁጥር ስለ ደጃፉ ይጠይቀኛል። ቅሬ (እድር) ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ። "ድንጋዩ ተነቅሏል፣ ለማን ልናገር?" "ጎረቤቴ ዲቹን (የውሃ መውረጃ ቦዩን) ደፈነብኝ፣ ምን ላድርግ?" ሁሉንም እዚሁ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የምጽፈው ከደሴ ሆኜ ነው፣ ግን ኮምቦልቻም ወልድያም ሐይቅም ላለ ሰው አብዛኛው ይሠራል።

ደሴን የሚያውቅ ያውቃል። ከተማዋ ጦሳ ተራራ እግር ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ሜዳዋ ጥቂት ነው። ክረምት ላይ ከላይ የወረደው ውሃ ሁሉ በየሰፈሩ እየተንደረደረ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል፤ ቦይ ያገኘው በቦዩ፣ ያላገኘው በእግረኛው መንገድ ላይ። ስለዚህ ከታች ብዙ ቦታ ስለ ውሃ ሳወራ ታገኙኛላችሁ። እኛ ጋ የእግረኛ መንገድ የሚፈርሰው ከጫማ ይልቅ በውሃ ነው።

ከአጥሬ ውጭ ያለው መንገድ የእኔ ነው?

አይደለም። መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እናንተ ያላችሁ ካርታው ላይ በተሠመረው ልክ የመጠቀም መብት ነው። ካርታችሁን አውጡና ተመልከቱት። መስመሩ አጥሩ ላይ ያበቃል፣ አንዳንዴም አጥሩ ራሱ መስመሩን አልፎ ተገኝቶ ጣጣ ያመጣል። ከመስመሩ ወዲያ ያለው የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው ነው።

ይኼን ብዙ ሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሰማው። "የእኔ ካልሆነ አያገባኝም" ይላል፣ ቀጥሎ ደግሞ አበባ ተክሎ በሽቦ ያጥረዋል ወይም ደረጃውን አንድ ሜትር ወደ ውጭ ያወጣል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

ታዲያ ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው?

ባለቤቱ ከተማ አስተዳደሩ ነው፤ ጥገናውም የእሱ ነው። ዋናው አስፋልት ዳር ያለው ንጣፍ፣ ከርቭስቶኑ (የጠርዝ ድንጋዩ)፣ ትልቁ የጎርፍ መውረጃ፣ የማንሆል ክዳኑ፣ እነዚህን ነዋሪ በራሱ እጅ እንዲነካ አልመክርም።

የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ግን ታሪኩ ትንሽ ይለያል። አብዛኛው የተሠራው በኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው፤ ነዋሪው አዋጥቶ፣ ኮሚቴ መርጦ፣ ባንክ ደብተር ከፍቶ፣ መንግሥት የራሱን ድርሻ ጨምሮበት፣ ወጣቶች ተደራጅተው ድንጋይ ጠርበው አንጥፈውት። ገንዘብ ስላዋጣችሁ መንገዱ የግላችሁ አይሆንም። ነገር ግን በተግባር ካየነው፣ የተነቀለ አምስት ድንጋይ ለመመለስ በጀት የሚጠብቅ ሰፈር ክረምቱን በጭቃ ያሳልፋል። አምስቱ ድንጋይ በሐምሌ ሃምሳ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የእኔ የቤት ባለቤቱ ድርሻ ምንድን ነው?

መንገዱ የእናንተ አይደለም። ከግቢያችሁ የሚወጣው ውሃ ግን የእናንተ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ።

እስቲ አብረን እናስላ። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ አላችሁ እንበል። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ከዚያ ጣሪያ 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። በ200 ሊትሩ በርሜል 15 በርሜል ማለት ነው። አሁን ያ 15 በርሜል በአንዲት ዳውን ፓይፕ ወርዶ ከበር ሥር ወጥቶ ኮብልስቶኑ ላይ ሲፈስ አስቡት። መጀመሪያ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን አሸዋ ያጥባል። ከዚያ ከሥር የተነጠፈውን አሸዋ ይወስዳል። ድንጋዩ ከላይ ሲታይ ደህና ነው፣ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። አንድ ቀን ባጃጅ ይወጣበትና ስምጥ ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ አሸንዳችሁ ይኑር። የአሸንዳው ውሃ በቱቦ እስከ ቦዩ ይድረስ፣ መንገዱ ላይ አይለቀቅ። ከተቻለ የተወሰነውን ሮቶ ውስጥ አስገቡት፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ 3,000 ሊትር ነፃ ውሃ መንገድ ላይ ማፍሰስ ለእኔ አንጀት የሚበላ ነገር ነው።

ሌላው የእናንተ ድርሻ ከደጃፋችሁ ፊት ያለውን መጥረግ፣ ቦዩ ውስጥ የገባውን ፌስታልና ቅጠል ማውጣት፣ ከአጥር ወጥቶ የሰው ዓይን የሚወጋ ቅርንጫፍ ካለ መቁረጥ ነው። በረዶ በጣለ ማግስት በተለይ ውጡና እዩ፤ በረዶው ያረገፈው ቅጠል የቦዩን አፍ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ያወጣችሁትን ደለል ደግሞ ቦዩ ጫፍ ላይ አትከምሩት። በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። በጆንያ አድርጉና አንሱት።

መኪና ማስገቢያ በዲቹ ላይ መሥራት እችላለሁ?

መውጫና መግቢያ ያስፈልጋችኋል፣ የሚከለክል የለም። ግን አሠራሩ ላይ ነው ነገሩ። በየሰፈሩ የማየው ይህ ነው፦ አንድ ሰው ዲቹን በአፈርና በድንጋይ ይሞላል፣ ከሥር አንዲት 110 ሚሊ ሜትር የሽንት ቤት ቱቦ ያጋድማል፣ ከላይ አርማታ ይሞላበትና ጨረስኩ ይላል። በዚያች ቱቦ የእሱ ቤት ውሃ ያልፍ ይሆናል። ከላይ ያሉት የሃያ አባወራ ውሃ ግን አያልፍም። አንድ ቅርንጫፍ ወይም የውሃ ላስቲክ ገብቶ ከተሰነቀረ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። ውሃው ተመልሶ በእግረኛው መንገድ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ የታችኛውን ጎረቤት በር ያንኳኳል።

ትክክለኛው የዲቹን ስፋትና ጥልቀት ሳይነኩ ከላይ መክደን ነው። ወይ በፌሮ የተሠራ የአርማታ ክዳን፣ ወይ የብረት ፍርግርግ። የሚነሳ ይሁን፣ መጠረግ አለበትና። ፍርግርጉን ስታሠሩ ብረቶቹ ከመንገደኛው አካሄድ ጋር አግድም ይሁኑ እንጂ በርዝመቱ አይሁኑ፤ በርዝመቱ ከሆኑ የምርኩዝ ጫፍ፣ የሴት ጫማ ተረከዝ፣ የዊልቸር ጎማ ይገባባቸዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ቀበሌ ወይም ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ባለሙያ ወጥቶ እንዲያይላችሁ ጠይቁ። ፈቃድ ሳይኖር የተሠራ መወጣጫ ደንብ አስከባሪ ቢመጣ ፈርሶ የሚቀረው በባለቤቱ ኪሳራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መወጣጫው ወደ ውጭ ተንጋድዶ መንገዱን በሙሉ ሲይዘው እግረኛው አስፋልት ላይ ወርዶ ለመሄድ ይገደዳል። ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ በሚወስደው መንገድ የባጃጁንና የሚኒባሱን ነገር የሚያውቅ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ከፍታ ካላችሁ መወጣጫውን ከበሩ ወደ ውስጥ ጀምሩት። ግቢው ትንሽ ቦታ ያጣል፣ መንገደኛው ግን ይተርፋል።

የሽንት ቤት ትርፍ ውሃ ወደ ዲቹ ቢገባ ምን ችግር አለው?

ችግር አለው። ዲቹ ለዝናብ ውሃ ነው። ክፍት ነው፣ ልጆች በላዩ ይዘላሉ፣ ሲሞላ መንገዱ ላይ ይወጣል፣ መጨረሻው ደግሞ ወንዝ ነው፤ ታች ያለ ሰው ጎመን የሚያጠጣበት ወንዝ። ሴፕቲክ ታንኩ ሲሞላ በመኪና ይመጠጣል። ሌሊት ተጠብቆ ወደ ቦይ መልቀቅ በጎረቤት ልጅ ጤና መቀለድ ነው።

ውሃ ለማስገባት ወይም ለስልክ መስመር መንገዱ መቆፈር አለበት። ማን ይመልሰዋል?

መርሁ ቀላል ነው። የቆፈረ ይመልሳል። እናንተ ለቤታችሁ ካስቆፈራችሁ እናንተ፣ ድርጅት ለራሱ መስመር ከቆፈረ ድርጅቱ። ከመቆፈሩ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከሥር የሌላ መስመር ሊኖር ስለሚችል ይህ ወረቀት ለማብዛት የተባለ ነገር አይደለም።

ይህን ጥያቄ ስሰማ ሆዴ ይባባል። እኛ ደጃፍ ግንቦት ላይ አንድ ድርጅት መስመር ሊያስገባ ቆፈረ። ሠራተኞቹ አፈሩን እንደነገሩ መለሱት፣ ኮብልስቶኑን በላዩ ደረደሩት፣ ሄዱ። ላዩ ሲታይ ቆንጆ ነበር። ሐምሌ ላይ ቦታው አንድ ክንድ ያህል ወረደ፣ ውሃ ሞላው፣ ጉድጓዱ የማይታይ ሆነ። እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ እዚያ ላይ ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰበረ። አሁንም ብርድ ሲሆን ያማታል። ጥፋቱ አፈሩ ሳይደበደብ መመለሱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቆፋሪ ሲመጣ ቆማችሁ ጠብቁ። አፈሩ አንዴ ተገልብጦ መግባት የለበትም። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እየተሞላ፣ ትንሽ ውሃ እየተረጨበት፣ እየተደበደበ ነው የሚመለሰው። ላዩ ላይ ገረገንቲ (ጠጠር የበዛበት መሙያ አፈር)፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋዩ። "ክረምቱ ራሱ ያስቀምጠዋል" ካሏችሁ አትስሙ። ክረምቱ የሚያስቀምጠው በእናንተ እግር ላይ ነው።

የተነቀለውን ኮብልስቶን ራሳችን መመለስ እንችላለን?

የውስጥ ለውስጥ መንገድ ከሆነና ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ፣ ቀበሌው አውቆት፣ አዎ። ኮብልስቶን ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው፤ ይነቀላል፣ ይመለሳል፣ ያው ድንጋይ ደግሞ ይሠራል። የሚያስፈልጋችሁ ዲጂኖ፣ አካፋ፣ ስፓጎ (መስመር ማውጫ ገመድ)፣ ውሃ ልክ፣ የጎማ መዶሻና አንድ ከዚህ በፊት ያነጠፈ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ድንጋይ ሲጠርቡ የነበሩ ልጆች አሁንም አሉ፣ እናንተም ጋ አይጠፉም።

ከሁሉ በፊት ግን ለምን እንደተነቀለ እወቁ። ዝናብ ሲዘንብ ጥላ ይዛችሁ ውጡና ቁሙ። ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ በዓይናችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ከላይ የሆነ ቦታ የተደፈነ ቦይ ወይም የተለቀቀ ዳውን ፓይፕ ታገኛላችሁ። እሱ ሳይስተካከል ድንጋይ መመለስ ከንቱ ድካም ነው፤ በየዓመቱ አንዱን ቦታ ስትጠግኑ ትኖራላችሁ። እኛ ሁለት ክረምት እንዲህ ለፍተን ነው በሦስተኛው የነቃነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከተጎዳው ቦታ ዳር ዳር አንድ ሁለት ረድፍ ደህናውንም ድንጋይ ጨምራችሁ አንሱ፤ ባዶው ቦታ ብዙ ጊዜ ከሚታየው ይሰፋል። ጭቃውን አውጡ። ጠንካራ መሬት እስክታገኙ ድረስ ማለቴ ነው። ገረገንቲ ሞልታችሁ ደብድቡ። በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ አንጥፉ። ስፓጎ ወጥሩና ድንጋዩን ከነበረው መንገድ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ ሲደበደብ ይወርዳልና። መንገዱ ወደ ቦዩ በኩል በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ውሃ ይቋጥራል፣ በጣም ከበዛ ደግሞ እርጥብ ሲሆን ሰው ያንሸራትታል። በመጨረሻ ደረቅ አሸዋ በትናችሁ በመጥረጊያ ክፍተቱ ውስጥ አስገቡ፣ ደብድቡ፣ እንደገና በትኑ። ከሳምንት በኋላ አንዴ ድገሙት።

ጠርዙን አትርሱ። ከርቭስቶን ወይም የተገነባ ጠርዝ ከሌለው ኮብልስቶን ክፈፍ እንደሌለው ሰፌድ ነው፤ ከዳር ጀምሮ ይተረተራል።

አንዴ ሲሚንቶ ብናፈስበት አይገላግልም?

ብዙ ሰው ይኼን ያስባል። በክፍተቱ ቦያካ (በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ) ማፍሰስ ለጊዜው ጠንካራ ይመስላል። ሆኖም ሥሩ ከተንቀሳቀሰ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ድንጋዩ ተጣብቆ በገበታ በገበታ ነው የሚነሳው፤ ደግሞ ለመጠቀም መፈልፈል ይጠይቃል። ነገ የውሃ መስመር ቢፈነዳም መክፈት መከራ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ፣ ወይም ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ያለበት ማንኛውም ሜዳ ላይ፣ ነገሩ ይብሳል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያለ ስስ ሲሚንቶ ያንን አይችልም። እዚያ መፍትሔው ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በገረገንቲ መተካት ነው።

በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ደረጃ የምትሠሩ ከሆነ ግን አርማታ ያስፈልጋል። 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር፣ ውሃ ሳይበዛ። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ደሴ ቀዝቃዛ ናት ብሎ ውሃ ማጠጣት የሚተው ግንበኛ አለ፤ ፀሐዩና ነፋሱ ግን ያደርቀዋል።

መቼ ነው መጠገን የሚሻለው?

ከጥቅምት እስከ ጥር። ወሎ ላይ በልግም አለ፣ ከየካቲት ጀምሮ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። "ከፋሲካ በኋላ እንሠራዋለን" እያለ የሚያራዝም ኮሚቴ አሸዋው በበልግ ዝናብ ታጥቦ ያገኘዋል። ቦይ ጠረጋው ግን ሁለት ጊዜ ነው፤ በልግ ሳይገባ አንዴ፣ ሰኔ ሳይገባ አንዴ።

ደጃፌ ላይ ሰው ቢወድቅ እጠየቃለሁ?

እንደ አወዳደቁ ነው። የከተማው ንጣፍ በራሱ አርጅቶ ተነስቶ ሰው ቢያደናቅፍ እናንተ አልሠራችሁትም፣ የእናንተም አይደለም። እናንተ የቆፈራችሁት ጉድጓድ፣ እናንተ የቆለላችሁት ጠጠር፣ ፈቃድ ሳይኖራችሁ የሠራችሁት ደረጃ ሰው ከጎዳ ግን ጥፋቱ የእናንተ ነው፣ የሚጠይቃችሁም ይኖራል።

ቤትና ግንብን በተመለከተ ሕጉ ይከብዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ። "ይፈርሳል ብዬ አላሰብኩም" ማለት አያድንም።

በመንግሥት ሥራ ጥፋት የተጎዳ ሰውም መንገድ አለው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ተጎጂው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ ይችላል። ጊዜው ግን ያልፋል፤ ቁጥር 2143 ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የወደቀ ሰው ካለ በዚያው ቀን ጉድጓዱን ፎቶ አንሱ፣ የሕክምና ወረቀቱን አስቀምጡ፣ ያዩ ሰዎችን ስም ያዙ። እኛ እናታችንን ሐኪም ቤት ስናሯሩጥ ፎቶ ማንሳት ትዝ ያለን ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ ነበር።

ከመንገዱ በላይ ያለው የድጋፍ ግንቤ ሆዱን ነፍቷል። ያሰጋል?

ያሰጋል፣ አትደሩ። ደሴ ግማሹ ቤት በድጋፍ ግንብ ላይ የቆመ ነው። ግንቡን የሚጥለው ብዙ ጊዜ አፈሩ ብቻውን አይደለም፣ አፈሩ ውስጥ ተጠራቅሞ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ግንቡ ላይ ውሃ የሚያስተነፍሱ ቀዳዳዎች አሉ? ካሉ ክፍት ናቸው? ብዙ ሰው ጭቃ ወጣ ብሎ በሲሚንቶ ይደፍናቸዋል። እንዳታደርጉት። ስንጥቁ በየሳምንቱ ከሰፋ፣ ግንቡ ወደ መንገዱ ካዘነበለ፣ በዝናብ ወቅት ከሥሩ ጭቃ ውሃ ከወጣ መሐንዲስ ጥሩ፣ ለቀበሌ በጽሑፍ አሳውቁ፣ እስከዚያው በግንቡ ሥር ሰው እንዳያልፍ በገመድ ዝጉ። በዚያ ሥር ጠዋት ጠዋት የሚያልፉት ተማሪዎች ናቸው።

ቤት እየሠራሁ ነው። አሸዋና ፌሮ መንገዱ ላይ ባስቀምጥስ?

ግቢ ውስጥ ቦታ ከሌላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ለጥቂት ቀን ይሁን፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ከሃያ መተላለፊያ ተዉ። አሸዋውን በሸራ ሸፍኑ፣ ዳሩን በብሎኬት አስይዙ። አንድ ዝናብ ከመጣ ግማሹ አሸዋችሁ ዲች ውስጥ ነው። ገንዘባችሁም ሄደ፣ የሰፈሩ ቦይም ተደፈነ። ፌሮ ከሆነ ጫፉን ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፣ ማታ መብራት ይጠፋል።

ደጃፌ ላይ ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ላስነሳት?

እኔ አላስነሳም። ከእሷ ጀበና ቤተሰብ ይበላል። ግን አነጋግሯት። በርጩማዎቹ በአንድ ወገን ይሁኑ፣ ሰው የሚያልፍበት ይተው፣ የቡናው አተላና እጣቢው ቦይ ውስጥ አይደፋ። ሰው ሲነገረው ይሰማል። እኔን ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ውስጡ ሰፊ ቦታ እያለው ፍራሹን፣ ጀሪካኑን፣ ሳፋውን እስከ አስፋልቱ ድረስ ያወጣዋል።

የማንሆሉ ክዳን ጠፍቷል። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ምልክት። ቅርንጫፍ ሰክታችሁ ፌስታል እሰሩበት፣ ጎማም ብታገኙ አስቀምጡ። ከዚያ በዚያው ቀን ለቀበሌ ተናገሩ። ድንጋይ አትሙሉበት፣ ሥሩ መስመር ነው፣ ይዘጋል። የብረት ክዳን ለቁርጥራጭ ብረት እየተሸጠ ስለሚያልቅ፣ ሲተካ የአርማታ ክዳን እንዲሆን ጠይቁ።

ለዓይነ ስውርና በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ምን ማሰብ አለብን?

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላለች። ሕጉን ትተን ደጃፋችንን እንይ። በነጭ ዘንግ የሚሄድ ሰው መሬቱን ነው የሚዳስሰው። ከወገብ በላይ ያለውን አይነካውም። ስለዚህ በግንባር ልክ የተሰቀለ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት የብረት መስኮት፣ የወጣ የቆርቆሮ ጫፍ ፊቱን ነው የሚመታው። መስኮታችሁ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ወይ ከፍ አድርጉት ወይ አቅጣጫውን ቀይሩት።

ለዊልቸር መወጣጫ ስትሠሩ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ከሆነ 1 ሜትር ከ80 ማለት ነው። ከዚህ ያጠረ ከሆነ መወጣጫ ሳይሆን መውደቂያ ነው። ዳገቱ በራሱ ለማይፈቅደው ሰፈር ቢያንስ ደረጃው አንድ ዓይነት ከፍታ ይኑረው፣ በአንድ ጎኑም የሚያዝ ብረት ይኑር። እናቴ አሁን ብረት ባለበት በኩል ብቻ ነው የምትሄደው።

ገንዘቡን እንዴት እንሰብስብ? ተከራይስ ያዋጣል?

ቅሬው አለ አይደል? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ የሚቀመጥበት፣ ሰው የሚያምነው እሱን ነው። ቅሬው ላይ ተነጋግራችሁ የመንገድ ኮሚቴውን ለብቻ ምረጡ። የቅሬውን ገንዘብ ግን አትንኩ፣ እሱ ለለቅሶ ነው። ደብተሩ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፣ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ በየወሩ በወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እኛ ጋ መዋጮ የቆመው ሰው ደሃ ስለሆነ አልነበረም፣ ሂሳብ ስላልተነገረ ነበር። የተለጠፈ ቀን ግማሹ ሰው ራሱ ይዞ መጣ።

ተከራይን በተመለከተ፣ ድንጋይና ሲሚንቶው የአከራዩ ነው ባይ ነኝ፤ ንብረቱ ዋጋ የሚጨምረው ለእሱ ነው። ጉልበትና ጠረጋው ላይ ተከራዩም ይውጣ። አቅም የሌላቸው እናቶች ካሉ ቡና ያፍሉ፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም እዚያው መንገድ ላይ ይጠጣል፣ ሥራውም እየተሳቀ ያልቃል።

ማመልከቻ አስገብተን መልስ አጣን። ምን ይሻላል?

በቃል መናገር ተዉ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ጻፉ። አንዱ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው፣ ሌላው ላይ ማኅተምና ቀን ይመታበትና እጃችሁ ይቅር። "መንገዳችን ተበላሽቷል" ብቻ ብሎ የተጻፈ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። "ከመስጊዱ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ 40 ሜትር፣ ቦዩ በሁለት ቦታ ተደፍኗል፣ 12 ካሬ ንጣፍ ወርዷል፣ ፎቶ ተያይዟል" ብሎ የተጻፈ ግን ባለሙያውን ከወንበሩ ያስነሳል፤ ልኬቱን ሠርታችሁለታልና። የሃያ አባወራ ፊርማ ጨምሩበት። በጀት የሚያዘው ሐምሌ ሳይገባ ስለሆነ ማመልከቻው የካቲትና መጋቢት ላይ ቢገባ ይመረጣል። ደግማችሁ ስትሄዱ የመጀመሪያውን ቁጥር ጥቀሱ።

ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ድንጋይ ምን እናድርገው?

አትጣሉት፣ ለማንም ግቢ ማስዋቢያም አትስጡት። የቅሬው ዕቃ ቤት ጥግ ላይ፣ ድንኳኑና ድስቱ ካለበት አጠገብ ደርድሩት። ቆጥራችሁ ደብተር ላይ ጻፉት። እኛ 60 ድንጋይና ሁለት ጆንያ አሸዋ አለን፣ የጎማ መዶሻውም እዚያው ነው፣ ቁልፉ ጸሐፊው ጋ ነው።